የቸኮል ዓይን

በአንድ ወቅት፣ ዓባይ ላይ ድልድይ ገና ባልታሰበበት ዘመን፣ በረሃው ውስጥ ዋንዛ መልካ የሚባል መሻገሪያ ነበር። እኔ አልደረስኩበትም፤ የደረሱበት ሰዎች ግን በዚህ ነገር ሲከራከሩ እየሰማሁ አድጌያለሁ። እስከ ዛሬ የተረታ የለም። አንድ ቀን መሃላቸው ገብቼ ልፍረድ ብል ከሁለቱም ወገን ስድብ ጠግቤ ወጣሁ። ስለዚህ ታሪኩን እንጂ ፍርዱን ከእኔ አትጠብቁ።

ዋንዛ መልካ ላይ ሰውም ዕቃም የሚሻገረው በዋናተኛ ነበር። ዋናተኛው የፍየል ቆዳ ነፍቶ አፉን ያስራል፤ መንገደኛውን እላዩ ላይ ያስተኛል፤ ራሱ ከኋላ እየዋኘ ይገፋዋል። ከመልካው በላይ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ አንድ ጥቁር ቋጥኝ አለ። ገበያ በሚውልበት ቀን ሁሉ ቋጥኙ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ይቀመጣል። ሥራው አንድ ነው፦ አዞ ብቅ ሲል መተኮስ። ያ ሰው ቸኮል ይባል ነበር።

የቸኮል ጠመንጃ አሮጌ ውጅግራ ናት። ውጅግራ ያለው ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ እንደ እሱ ጠመንጃ ያለች ግን አልነበረችም። ቸኮል ከጥይት ቀለሃ ቂጥ ላይ ጥፍር የምታህል ክብ ናስ ቆርጦ፣ መሃሏን በወስፌ ጫፍ በስቶ፣ ከጠመንጃው ኋላ፣ ዓይን በሚደገፍበት በኩል፣ በብሎን አስሯታል። ሲያነጣጥር በዚያች ቀዳዳ አጮልቆ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ጉጥ ያያል፤ ጉጧን ከቀዳዳዋ መሃል ያስገባል፤ ከዚያ አዞው ዓይን ላይ አሳርፎ ምላጩን ይስባል። ናሷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትንሸራተታለች። ልክ የምትመታበትን ቦታ ያገኘው ስንት ጥይት ጨርሶ ነው፤ ሲያገኘው ደግሞ እንዳይጠፋበት ሥሯን በቢላ ጭሮ ምልክት አበጀላት። የመልካው ሰው ያቺን ቀዳዳ «የቸኮል ዓይን» ይላታል። መንገደኛ ውሃው ሲያስፈራው «አይዞህ፣ የቸኮል ዓይን አለች» ይሉታል፤ እሱም ደፍሮ ይገባል።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ረጅም፣ ኩሩ፣ አፏ የማይቻል ሴት ነበረች። ለቸኮል ሦስት ወንዶች ወልዳለታለች። ወሬው የጠመንጃ ቢመስልም የእሷ ነው።

ቸኮል በመጨረሻው ዓመቱ መሳት ጀመረ። አዞ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ከውሃው ዳር ሲጎትት ተኩሶ ሳተው፤ በቅሎዋም ሄደች፣ አዞውም ሄደ። ሰው ፊቱ ምንም አላለውም። ብዙም ሳይቆይ ንዳድ ያዘውና ሞተ። በለቅሶው ላይ ታዲያ፣ ንፍሮ እየቃመ የተቀመጠ አንድ እንግዳ ጎረቤቱን ጠጋ ብሎ «የቸኮል ዓይን እንደሆነች ከጠመመች ቆየች» ሲል አንጓች ከጀርባው ቆማ ሰማችው።

እዚያው ልትጮህበት አፏን ከፍታ ዘጋችው። እንግዳው ሁሉ ሲወጣ ጠመንጃዋን አነሳች፤ ለሐዘን እንደሚደረገው አፈሙዟን ወደ ታች አድርጋ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻት። ሦስቱን ልጆቿን ጠርታም እንዲህ አለች፦

«የአባታችሁ ተዝካር እስኪወጣ ድረስ የቸኮል ዓይን ጠምማለች የሚል ቃል ከአፉ የሚወጣ ልጅ ጡቴን አልጠባም። ለሰው ብቻ አይደለም የምለው። ለወንድሙም ቢሆን! ለዚህ ግድግዳም ቢሆን!»

ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ። የሷን እርግማን የሚያውቅ ሌላ መልስ የለውም። እሷም ያን ቀን ለባሏ የመጨረሻውን ውለታ የዋለችለት መስሏት ተጽናንታ ተኛች።

ገበያው ግን ተዝካር አይጠብቅም። መልካውም ያለ ጠባቂ አያድርም። ስለዚህ አንደኛው ልጅ ቋጥኙ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ጠመንጃዋን ማየት።

መጀመሪያ ያያት መካከለኛው፣ ምንይችል ነው። ምንይችል ማሽላውንና ሰሊጡን የሚያርስ፣ ቤቱን የያዘ፣ ነገር በእጁ ካልነካ የማያምን ሰው ነበር። «ዝንጀሮ ላባርር» ብሎ ጠመንጃዋን ይዞ ከመልካው በታች ወዳለው ገደል ወረደ። ገደሉ ላይ በከሰል ክብ ሣለና ከአባቱ ቋጥኝ እስከ ወንዙ መሃል ያለውን ያህል ርቆ ተኮሰ። ጥይቷ ከክቡ ወደ ግራ መዳፍ ያህል ስታ ድንጋዩን ፈለጠች። ደገመ፤ እዚያው። ሠለሰ፤ እዚያው። የአባቱን ናስ መንካት የአባቱን ዓይን መንካት መሰለው፤ እጁም አልሄደለት አለ። ስለዚህ ናሷን ትቶ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ጉጥ በድንጋይና በቀንድ ቀስ እያለ ወደ ግራ መታት። ጉጧ ወደ ግራ ስትሄድ ጥይቷ ወደ ቀኝ ትመጣለችና፣ እንደገና ሲተኩስ ክቡ መሃል ገባችለት። ደስ አለው። ጠመንጃዋን መልሶ ሰቀለና ለማንም ሳይናገር ወደ እርሻው ሄደ።

ቀጥሎ ያያት ትልቁ፣ ላቀው ነው። ላቀው ከበረሃው በላይ ደጋው ከተማ ጠመንጃ እየጠገነ ይኖራል፤ ሚስትና ልጆችም አሉት። ለአባቱ ሐዘን ወርዶ የሰነበተ ጊዜ ጠመንጃዋን ዘይት ሊቀባት ከግድግዳው አወረዳት። ብሎኗ ላልታለች። ናሷም ከአባቱ የቢላ ምልክት ወደ ግራ የስንዴ ፍሬ ያህል ተንሸራታለች። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቱ በስተርጅናው የሚስተው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው፤ ሽማግሌው እልኸኛ ስለሆነ እንጂ ለልጁ ቢልክበት በአንድ ቀን ይሠራለት ነበር። ናሷን ወደ ምልክቷ መለሳት፤ ብሎኗን አጠበቀ፤ ዳግም እንዳትላላም ሰም አንጠባጠበባት። ጉጧን አላያትም፤ ጉጥ ከቦታዋ ትሄዳለች ብሎ ማን ያስባል? ሊሞክራትም አልተኮሰ። ጥይት ብርቅ ነው፤ ከሐዘን ቤት ደጃፍ ተኩስ ቢሰማም አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ምልክቱ የአባቱ ነውና አመነው። በማግስቱ እናቱን ስሞ ወደ ከተማው ወጣ።

ሦስተኛው ፈንቴ ነው፤ የመጨረሻው ልጅ፣ አንጓች የምትሳሳለት። ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቱን ጠመንጃ የተሸከመ፣ ቋጥኙ ላይ አብሮት የዋለ እሱ ነው። አባቱ ንዳዱ ሳይይዘው አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ «ፈንቴ፣ ወደ ግራ ትስታለች። ስታነጣጥር ወደ ቀኝ መዳፍ ያህል አስቀድም። ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም» ብሎታል። ፈንቴም አባቱ ቆሞ እያየው በዚያው ቃል ተኩሶ አዞ ገድሏል። አባቱ ሲሞት ቃሉ ደረቱ ውስጥ ቀረ። ስለ አባቱ ዓይን መጥመም አንድም ቃል እንዳይተነፍስ እናቱ ስታዝዘው ደግሞ ይበልጥ ሸሸገው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከሦስቱ የትኛውም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጠመንጃዋ ልክ ትመታ ነበር። አንዱ የሠራውን ሌላው ያላወቀ ሦስት ልከኛ ሰው ነው እዚያ ቤት የነበረው።

ገበያው ዋለ። የቋጥኙ ተራ የፈንቴ ነበር። አንጓች ለልጇ ምሳ ቋጥራ ወርዳ ወንዙ ዳር ተቀምጣለች። አጠገቧ ማዘንጊያ አለች፤ እሳት ተጫጭረው የሚኖሩ ጎረቤቷ ናት። የማዘንጊያ አንድ ልጅ ሙጬ የመልካው ዋናተኛ ነው። ሙጬና ፈንቴ አብረው ውሃ የለመዱ፣ አብረው የተገረፉ ጓደኞች ናቸው።

ሙጬ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ቆዳው ላይ አስተኝቶ እየገፋ ሳለ ቀና ብሎ ወደ ቋጥኙ ጮኸ፦

«ፈንቴ! እዚያ ላይ እያንቀላፋህ እንዳይሆን!»

«አንተ ዋኝ፤ ማየቱን ለእኔ ተው!» አለ ፈንቴ።

ሁለቱ እናቶች ሳቁ። «እነዚህ ሳያረጁ አይተዉም» አለች ማዘንጊያ።

ሳቃቸው ሳያልቅ አዞው ከቋጥኙ ሲታይ ከሙጬ በስተግራ ብቅ አለ። ከአንገቱ ክንድ አይርቅም። ነጋዴዋ አይታው እሪ አለች። ሙጬ ቆዳውን ቢለቅ ሴትዮዋ ትሰጥማለች፤ ስለዚህ አለቀቀም። ፈንቴ ጠመንጃዋን ደገነ። በአባቱ ቀዳዳ አጮለቀ፤ ጉጧን መሃል አስገባ፤ አዞው ዓይን ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ የአባቱ ቃል ትዝ አለውና ወደ ቀኝ መዳፍ ያህል አስቀደመ። ተኮሰ።

አዞው በድምፁ ደንግጦ ጠለቀ። ሙጬ ደግሞ አንገቱን ዘንበል አደረገና ቆዳውን ለቀቀ። ሌሎች ዋናተኞች ዘለው ገብተው ነጋዴዋን አወጧት። ሙጬን ያገኙት ከታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ነው።

ሰዉ «አዞ በላው፣ አዞ በላው» እያለ ያለቅሳል። ማዘንጊያ ደረቷን ትደቃለች። ፈንቴ ከቋጥኙ እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ጠመንጃዋን እግሯ ሥር ጥሎ፣ መሬት ላይ ተደፋ።

«አዞ አይደለም፣ እማማ» አላት። «እኔ ነኝ።»

አንጓች ልታነሳው ስትል ማዘንጊያ አየቻት። በዚያ ዓይን ከዚያ በፊት አይታት አታውቅም።

ሙጬ ተቀበረ። የመልካው ሕግ እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ ያልታወቀ ደም ካለ፣ የሟች ወገን ከገዳይ ቤት ያገኘውን ወንድ ይመታል። ባለቤቱ ከታወቀ ግን ያ ሰው በሟች እናት ፊት ይንበረከካል፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ድንጋዩን እንደተሸከመ ወንዙን ይሻገራል፤ የሟች እናት በሕይወት እስካለች ወደዚህ ዳር አይመለስም። የቀሩት በሰላም ይኖራሉ። የሙጬ አጎቶች ጦራቸውን እየሳሉ ሽማግሌው ምን እንደሚል ይጠብቁ ጀመር።

ሽማግሌው አያ ጣሰው ይባላል። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የሰው ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሰው ነው። ፈንቴ «የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን ጫኑብኝ» ሲለው ጢሙን እየዳሰሰ ቆየና «ቆይ፣ ልጄ» አለ። «አንተ ኢላማ የማትስት ልጅ ነህ። ጠመንጃዋን እንያት።»

ሦስቱ ወንድማማቾች፣ አንጓች፣ ማዘንጊያና ከአጎቶቹ አንዱ ወደ ገደሉ ወረዱ። የምንይችል የከሰል ክብ እዚያው ነበረች። አያ ጣሰው ጠመንጃዋን ለምንይችል ሰጠና «ወዲያ ወዲህ ሳትል፣ ልክ መሃሏን አድርገህ ተኩስ» አለው።

ምንይችል ተኮሰ። ጥይቷ ከክቡ ወደ ቀኝ መዳፍ ያህል ስታ ድንጋዩን ፈለጠች።

ምንይችል ጠመንጃዋን እንደ እባብ አያት። «ወደ ቀኝ? ይህማ አይሆንም። ጉጧን መትቼ አስተካክያታለሁ! መሃል ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ላቀው ለሙጬ ለቅሶ ከከተማ ወርዶ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጉጧን ነካሃት? እኔ ደግሞ ናሷን ወደ አባታችን ምልክት መልሻታለሁ።»

አያ ጣሰው ድንጋዩ ላይ ሄዶ ርቀቱን በመዳፉ ለካ። «ይህ አንድ መዳፍ ነው» አለ። «አንድ መዳፍ ብቻ ስታ ቢሆን አዞው አንገት ላይ በገባች ነበር። ልጁ ጋ የደረሰችው ሁለት መዳፍ ስታ ነው። ሌላው መዳፍ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ፈንቴ። «አባቴ አስቀድም ብሎኝ አስቀድሜያለሁ።»

አያ ጣሰው ከገደሉ ወደ ሦስቱ ዞረ።

«አንድ ጣራ ሥር የሰነበታችሁ ወንድማማቾች አይደላችሁም ወይ?» አለ። «ምነው አንዳችሁ ለአንዳችሁ አንዲት ቃል አጣችሁ?»

ላቀው መሬት መሬት አየ። ምንይችል መሬት መሬት አየ። ፈንቴ መሬት መሬት አየ። አንዳቸውም ወደ እናታቸው ቀና አላሉም። አንጓች ምክንያቱን ያወቀችው ባለማየታቸው ነው። ለግድግዳም ቢሆን ያለችው ቃል በገዛ ድምፅዋ ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፤ ገደሉን ተደገፈች። አያ ጣሰው ግን ድካም መስሎት «ተቀመጪ፣ እናቴ» አላት።

ከዚያ ወዲህ መልካው ለሦስት ተከፈለ። ገሚሱ «ጥፋቱ የላቀው ነው» ይላል። «የሠራውን ጠመንጃ ሳይተኩስ የሚያስረክብ ጠጋኝ ምን ጠጋኝ ነው? እጁን የሚያምን ሰው ነው ልጁን የገደለው።» ሌላው ይነሳና «የለም፣ የአባቱን ምልክት ማመን መቼ ነው ጥፋት የሆነው?» ይለዋል።

ገሚሱ «የምንይችል ነው» ይላል። «ጠማማውን ትቶ ደህናዋን አጣመመ። ተኩሶ እያየ፣ ጠመንጃዋ እንደተለወጠች እያወቀ፣ ቋጥኙ ላይ ለሚወጣው ወንድሙ ሳይነግር ወደ ሰሊጡ ሄደ!» ሌላው ይነሳና «ከሦስቱ በጥይት የፈተናት እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ሲያስረክባት ልክ ነበረች» ይለዋል።

ገሚሱ ደግሞ «ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳል? የተኮሰው ፈንቴ ነው!» ይላል። «ሰው አጠገብ እያለ፣ በሞተ ሰው ቃል፣ ወደ ሰውዬው በኩል ማስቀደም አለ?» ሌላው ይነሳና «ባይተኩስ ሙጬን አዞው ይበላው ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቆሞ አየ ልትሉት ነው» ይለዋል። እንዲህ እያሉ ጠላው ያልቃል፤ ነገሩ አያልቅም።

አጎቶቹ ሰለቻቸው። «ሦስቱም ይሂዱ» አለ አንዱ። «ሦስቱንም እንምታ» አለ ሌላው። ነገሩን የቆረጠችው ማዘንጊያ ናት። ከልቅሶ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ሦስት ሰው የምጠላበት ጉልበት የለኝም» አለች። «አንድ ስጡኝ።»

አያ ጣሰው ብዙ ካሰበ በኋላ ፈረደ፦ «እኛ ከመረጥን ነገሩ አይበርድም። የወለደቻቸው ታውቃቸዋለች። የቸኮል ተዝካር በወጣ ማግሥት በመልካው ዋንዛ ዛፍ ሥር፣ እጃቸው ጠመንጃዋ ላይ ካረፈው ከሦስቱ፣ የደሙ ባለቤት ባለችው ማጅራት ላይ ድንጋዩን ራሷ አንጓች ትጫን። እሷ የጫነችበትን እኛም እንቀበላለን።»

አንጓች ቤቷ ገብታ ግድግዳው ላይ ጠመንጃዋ ተሰቅላበት የነበረውን ባዶ ችንካር እያየች ዋለች።

ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። ላቀው ከደጃፉ ቆሞ «እናታለም፣ ሳልሞክራት ሰቀልኳት። በእኔ ላይ ጫኚው» አለና ወጣ። ምንይችል ውሃ ቀድቶ እንስራውን አስቀምጦ «አውቄ ዝም አልኩ፣ እማ። የእኔ ነው» አለ። ፈንቴ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ራሱን አሳርፎ «ምላጩን የሳበችው ይቺ ጣት ናት» አላት። ስለዚያች ስለ እርግማኗ አንዳቸውም አላነሱም። ቢያነሱባት ይሻላት ነበር። ቢሰድቧት፣ ቢጮኹባት፣ «አንቺ ነሽ አፋችንን የዘጋሽው» ቢሏት ትተነፍስ ነበር።

ማንን ትስጥ? ላቀው የሚኖረው ከተማ ነው፤ ወደ መልካው ባይመለስ የሚጎድልበት ከሁሉ ያነሰ ነው። ግን የሚጎድልበት ትንሽ ስለሆነ ነው ወይስ ስላጠፋ ነው የምትሰጠው? ምንይችል ቢሄድ ማሽላውን ማን ያርሳል? ግን ልጅ የሚሰጠው በእርሻ ተለክቶ ነው ወይ? ፈንቴን... የፈንቴን ስም በልቧ እንኳን ጨርሳ መጥራት አቃታት። ጨርሳ መጥራት ስላቃታትም አፈረች፤ የማዘንጊያም ልጅ አንድ ነበር።

«የእኔ ቃል ነው» ብላ ብትናገርስ? እጇ ጉጧንም ናሷንም ምላጩንም አልነካም፤ አጎቶቹ «ልጆቿን ልታተርፍ ነው» ካሏት ደሙ ባለቤት ያጣል፤ ያን ጊዜ ሦስቱም የሞት ልጆች ናቸው። ዝም ብትል ደግሞ ከሦስቱ አንዱ የእሷንም ድርሻ ተሸክሞ ይሻገራል። እንዲህም እንዲያም ስታገላብጠው ይነጋል። አንድ ቀን ማዘንጊያ እሳት ልትጭር መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ከልማድ የተነሳ ነው የመጣችው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማዘንጊያ ፍሙን ሳትወስድ ተመለሰች።

የቸኮል ተዝካር ወጣ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስለ ቸኮል ዓይን መናገር ተፈቀደ። የሚናገር ግን አልነበረም።

በማግሥቱ አገሩ በዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ማዘንጊያ ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፤ አጎቶቹ ከጀርባዋ ቆመዋል። ሦስቱ ወንድማማቾች ተሰልፈው ተንበረከኩ፤ እጃቸውን መሬት አስደግፈው ማጅራታቸውን አወጡ። አያ ጣሰው ከወንዙ የወጣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስቶ አንጓች እጅ ላይ አስቀመጠ።

አንጓች ድንጋዩን ታቅፋ ከላቀው ኋላ ቆመች። የላቀው ማጅራት ላይ ሽበት ጀምሮታል፤ ልጇ መሸበቱን እስከዚያች ቀን ልብ አላለችም። ወደ ምንይችል አለፈች። ማጅራቱን ፀሐይ አጥቁሮታል፤ በላብ ረጥቧል። ወደ ፈንቴ አለፈች። እሱ አንገት ላይ አንድ ጠባሳ አለ፤ ከሙጬ ጋር ሲዋኙ ድንጋይ የጫረው ነው። ቁስሉን ያሰረችው ማዘንጊያ ነበረች።

«እኔ ላይ» አለ ላቀው ቀስ ብሎ።

«እማ፣ እኔ ላይ» አለ ምንይችል።

ፈንቴ ማጅራቱን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

አንጓች ድንጋዩን አልጫነችም፤ አላስቀመጠችውምም። ሰዉ ያያታል። ማዘንጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«አንጓቼ» አለቻት፤ ከሙጬ ሞት ወዲህ በስሟ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አንድ ነገር ጠይቄሽ ዝም እላለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ፣ ልጆችሽ ለምንድን ነው ያልተነጋገሩት?»

ሦስቱም ወንድማማቾች እኩል ቀና ብለው እናታቸውን አዩ። ዓይናቸው የሚለምናት «አትናገሪ» ብሎ ነበር። አንጓች ድንጋዩን እስከ ደረቷ ከፍ አደረገችና አፏን ከፈተች።

ይህን የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው የሚጣሉት፤ ያለችውንም እያንዳንዱ እንደየፍርዱ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። እኔ አልጨርሰውም። እናንተ እዚያ ብትሆኑ፣ ድንጋዩም እጃችሁ ላይ ቢሆን፦ ሳይሞክር ባመነው ላይ ነው የምትጭኑት? አውቆ ዝም ባለው ላይ? ወይስ ምላጩን በሳበው ላይ? ወይስ ከሦስቱ ማጅራት ኋላ ቆሞ ድንጋዩን የታቀፈ አራተኛ ማጅራት አለ? እንዲያ ከሆነ ማዘንጊያ የምትጠላው ማንን ይሁን?